የእንጨት ሥራ ክበብ፦ ዓመቱን ያከራከረን ዲስክ

የክበቡ አባላት ዘንድሮ የቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ሠርተዋል፣ የተሰበሩ ዴስኮች ጠግነዋል። ዝርዝሩ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስላለ አንደግመውም። ይህ ገጽ ወርክሾፑን ዓመቱን ሙሉ ላከራከረው ጉዳይ፣ ለክብ መጋዝ ዲስክ አመራረጥ ይዋል።

«ዲስኩ ዶልዱሟል» ከሚባሉት ብዙዎቹ አልዶለዶሙም፤ ያለ ሥራቸው የገቡ ናቸው። ጣውላ በርዝመቱ ሲሰነጠቅ ረጃጅም ፍቅፋቂ ይወጣል፤ ያን ጠርጎ የሚያስወጣው በጥርሶች መካከል ያለው ሰፊ ክፍተት ነው። ለዚህ ሥራ 254 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ዲስክ ላይ ጫፋቸው ጠፍጣፋ የሆነ 24 ጥርሶች ይበቃሉ። ወፍራም ዋንዛ በባለ 80 ጥርስ ቢሰነጠቅ ክፍተቱ ይታፈናል፣ ዲስኩ ይግላል፣ የእንጨቱ ጠርዝ ይጠቁራል፤ የጋለ ዲስክ ደግሞ እየተወላገደ መስመሩን ይስታል። ባለ 24ቱ በበኩሉ ኮምፔንሳቶ ላይ ሲገባ የታችኛውን ፊት ይቦጫጭቀዋል። ለአግድም ቁርጥና ለኮምፔንሳቶ ከ60 እስከ 80 ጥርስ ያለው፣ ጫፎቹም አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ ያዘነበሉ ይመረጣል። ባለ 40 ጥርሱ አንድ ዲስክ ብቻ መግዛት ለሚችል ደህና ነው፤ ሁለት መግዛት የሚችል ግን ባይገዛው ይሻላል።

ሱቅ ውስጥ ዋጋው ብዙ አይናገርም። ዲስኩን ከማሸጊያው አውጥቶ ወደ ብርሃን መያዝ ነው። እያንዳንዱ የካርባይድ (ከብረት ይልቅ በጣም የጠነከረ ቁስ) ጥርስ ከብረቱ ጋር የተበየደበት መስመር ሙሉ መሆን አለበት፤ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያለ ክፍተት ከታየ ያ ጥርስ አንድ ቀን ተነቅሎ ይበራል። ካርባይዱ ወፈር ካለ ደጋግሞ ይሳላል፤ ስስ ከሆነ ግን አንዴ ተስሎ ያልቃል። ቀጥሎ የብረት ማስመሪያ በዲስኩ አካል ላይ አጋድሞ ከሥሩ ብርሃን ያልፍ እንደሆነ ማየት ነው። ካለፈ ዲስኩ ጠማማ ነው። ዳር ላይ ያሉት ስንጥቆች ለሙቀት መስፋፊያ ሆን ተብለው የተተዉ ናቸው፤ ከእነዚህ ውጭ የሚታይ ስንጥቅ ግን ዲስኩን ያስጥላል።

የመሃል ቀዳዳውም ይለካል። ባለ 30 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ 25.4 በሆነ ዘንግ ላይ ያለ ማጥበቢያ ቀለበት ከታሰረ ዲስኩ ከመሃሉ ወጥቶ ይዞራል፤ ከፊሉ ጥርስ ብቻ ይቆርጣል፣ ማሽኑም ይንቀጠቀጣል።

ባሕር ዛፍ ለብቻው መነሳት አለበት። ግንዱ በውስጡ ውጥረት ስላለው ሲሰነጠቅ ሁለቱ ግማሾች ተመልሰው ዲስኩን ይቆነጥጡታል፤ የክረምት እርጥበት ሲጨመርበት ይብሳል። የተቆነጠጠ ዲስክ እንጨቱን ወደ ሠራተኛው ይወረውራል። ይህን የሚከላከለው ከዲስኩ ኋላ የሚቆመው ለያይ ብረት ነው፤ ውፍረቱ ከዲስኩ አካል መብለጥ፣ ጥርሱ ከሚከፍተው መንገድ ደግሞ ማነስ አለበት። አካሉ 1.8፣ ጥርሱ 2.6 ሚሊ ሜትር ለሆነ ዲስክ 2.2 ይስማማል። ስስ ዲስክ ሲገዛ ለያዩን ሳይለኩ መተው የተለመደ ጥፋት ነው። ስስ ዲስክ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም፦ ጥርሱ 3.2 ሚሊ ሜትር ከሚወፍረው ይልቅ ባለ 2.4ው በአሥር ቁርጥ 8 ሚሊ ሜትር ጣውላ ያተርፋል፣ መብራት ሲዋዥቅም ሞተሩን ብዙ አያስጨንቅም።

የእንጨት ዲስክ ግራይንደር (በእጅ የሚያዝ የብረት መቁረጫና መሞረጃ ማሽን) ላይ ማሰር በክበቡ ፈጽሞ ክልክል ነው። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ዙር ያህል ይዞራል፤ ዲስኩ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ዙር አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በታች ነው። ከዚያም በላይ ዲስኩ እንጨቱን ሲነክስ ግራይንደሩ ሁለት እጅ እንኳ በማይገታው ኃይል ይወረወራል።

የፈረንጅ ጽድ ከተቆረጠ በኋላ ጥርሶቹ ጎን ቡናማ ሙጫ ይጋገራል። ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ዲስኩ ወልቆ፣ የልብስ ሳሙና ባለበት ሞቅ ያለ ውሃ ሩብ ሰዓት ይዘፈዘፋል፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈገፈጋል፣ ይደርቃል፣ ዘይት ይቀባል። በቢላ መፋቅ ካርባይዱን ይሸርፋል። በሞረድ ለመሳል መሞከርም ከንቱ ድካም ነው፤ ካርባይድን በደንብ የሚስለው የአልማዝ ድንጋይ ነው።

ለመጪው ዓመት ክበቡ ለግዢ ኮሚቴው ያቀረበው ጥያቄ ሁለት ዲስክ ነው፦ ሁለቱም 254 ሚሊ ሜትር፣ ቀዳዳቸው 30፣ ጥርሳቸው 2.6፣ አካላቸው 1.8፤ አንዱ ባለ 24፣ ሌላው ባለ 60 ጥርስ። ልኩ ካልተገኘ ሌላ ልክ ከመገዛቱ በፊት ወርክሾፑ ይጠየቅ።