የሟቾች ቁጥር ከስንት ሰው መካከል እንደሆነ ይነገረን

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

በከተማችን በሀዋሳ፣ በእድር ስብሰባም ሆነ በለቅሶ ቤት የኮቪድ-19 ነገር ሲነሣ ደጋግሜ የምሰማው ክርክር አለ፤ «ማጠናከሪያ ክትባቱን የወሰዱትም ሞተዋል፤ እንዲያውም በአንዳንድ አገር ከሟቾቹ የሚበዙት የተከተቡት ነበሩ፤ ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው?» የሚል። የሚጠቀሰው ቁጥር እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከእሱ ተነሥቶ የሚሰጠው ፍርድ ግን የተሳሳተ ነው፤ ስታትስቲክስ የማስተምር ሰው በመሆኔም በዝምታ ላልፈው አልፈለግሁም።

10,000 አረጋውያን የሚኖሩበት ከተማ አለ እንበል። ማጠናከሪያውን ከወሰዱት 9,000 መካከል 18፣ ካልወሰዱት 1,000 መካከል ደግሞ 10 ቢሞቱ፣ አብዛኞቹ ሟቾች የተከተቡ ናቸው ማለት ሐሰት አይደለም። ምጣኔው ሲሰላ ግን ከተከተቡት ከሺህ 2፣ ካልተከተቡት ከሺህ 10 ሰው ሞቷል። ብዙ ሰው በተከተበበት አገር ከሟቾች መካከልም የተከተቡት መብዛታቸው የሚጠበቅ ነው።

ወደ እውነተኛው መዝገብ ልምጣ። በእስራኤል ክላሊት የተባለው የጤና አገልግሎት ድርጅት ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ሁለተኛውን የፋይዘር ክትባት ከወሰዱ ቢያንስ አምስት ወር የሞላቸውን 843,208 አባላቱን መረጃ መሠረት በማድረግ፣ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ገደማ 54 ቀናትን የሸፈነ ጥናት ተሠርቷል። በኮቪድ የሞቱት ማጠናከሪያውን ከወሰዱት 65፣ ካልወሰዱት 137 ነበሩ፤ በቀን ከ100,000 ሰው ሲሰላ 0.16 እና 2.98 ማለት ነው። ጥሬው ልዩነት ከ18 እጥፍ ይበልጣል፤ ተመራማሪዎቹ ዕድሜንና ተጓዳኝ ሕመሞችን ከግምት አስገብተው ሲያስተካክሉት ወደ አሥር እጥፍ ወረደ፤ ይኸውም ሞቱ በ90 በመቶ ቀነሰ። ቀድሞ የሚከተብ ሰው ፊቱኑም ለጤናው የሚጠነቀቅ ሊሆን ስለሚችል ይህ ማስተካከያ የግድ ነበር፤ ከተስተካከለ በኋላም የጥንቃቄ ልማድን ልዩነት ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አይቻልም። እንዲያም ሆኖ አሥር እጥፍ የሚያህል ልዩነት በዚህ ብቻ ተነሥቶ የሚጠፋ አይመስለኝም።

የተከተበ ሰው በቫይረሱ መያዙም ሌላው የክርክሩ መነሻ ነው። ቫይረሱን የሚያግዱት በደም ውስጥ ያሉ ፀረ እንግዳ አካላት በወራት ውስጥ ስለሚቀንሱ ከመያዝ የሚጠብቀው አቅም ቶሎ ይላላል፤ ቫይረሱን የሚያስታውሱት የነጭ ደም ሕዋሳት ግን ስለሚቆዩ ከጽኑ ሕመምና ከሞት የሚጠብቀው አቅም ረዘም ይላል። ማጠናከሪያው ሁለቱንም ያድሳል፤ የሰውነት መከላከያቸው ለደከመ አረጋውያን ደግሞ ይበልጥ ያስፈልጋል። ለጤነኛ ወጣት የሞት አደጋው ከመነሻው አነስተኛ ስለነበረ የሚቀነስለትም ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመጋቢት 2015 ዓ.ም. አረጋውያንን፣ እንደ ስኳርና የልብ ሕመም ያለባቸውን፣ ነፍሰ ጡሮችንና የጤና ባለሙያዎችን በቅድሚያ ያስቀመጠበትን አካሄድ የምደግፈው ስለዚህ ነው፤ ሁሉም ሰው በየጊዜው ይከተብ የሚል ሐሳብ የለኝም።

ጋዜጣችሁ ስለማንኛውም ወረርሽኝ የሟቾችን ቁጥር ሲያትም ከስንት ሰው መካከል እንደሆነና የዕድሜ ክልሉን አብሮ እንዲጠይቅ አሳስባለሁ። የከተማችን ጤና ጣቢያዎችም የስኳርና የደም ግፊት ታካሚዎች ለመድኃኒት ሲመጡ የመጨረሻውን ክትባት የወሰዱበትን ቀን በካርዳቸው ላይ ቢመዘግቡ መልካም ነው፤ ማን መቼ እንደተከተበ ካልታወቀ የሀዋሳን ምጣኔ ማንም ሊያሰላው አይችልም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የስታትስቲክስ መምህር፣ ከሀዋሳ