ደብተሬን ለመለሳችሁልኝ ሁሉ

ለፈረንሳይ ለጋሲዮን ጎረቤቶቼ፣ ለደንበኞቼ፣ ለዕድርና ለእቁብ ወዳጆቼ፣ በአካል አይቻችሁ ለማላውቃችሁም ጭምር፤

እንደምን ከረማችሁ? ነሐሴ ላይ ማድ ቤቴ የተቃጠለ ጊዜ ላገኘሁት ሰው ሁሉ «እግዜር ይስጥልኝ» ብያለሁ። በግርግር መሃል የተባለ ምስጋና ግን አልበቃኝም። አሁን ቆርቆሮው ተመቷል፤ ግድግዳው ተለስኗል፤ ምድጃውም ሥራ ጀምሯል። ቁጭ ብዬ፣ ማን ምን እንዳደረገልኝ እያስታወስኩ ላመስግናችሁ።

ለማታውቁኝ ባጭሩ ልናገር። ቤቴ ውስጥ ኬክና ዳቦ ጋግሬ እሸጣለሁ። አሮጌ ነገር ደግሞ ነፍሴ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብቼ ባዶ እጄን ወጥቼ አላውቅም። የድሮ የኬክ ፓትራ፣ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ከነድንጋዩ፣ በእጅ የሚሽከረከር የእንቁላል መምቻ፣ የብስኩት ቆርቆሮ፣ ያገኘሁትን እሰበስባለሁ። የዛገ ፓትራ ሲያጋጥመኝ በኮምጣጤ አሸዋለሁ፤ በደንብ አደርቀዋለሁ፤ ከዚያ ስስ ዘይት ቀብቼ ምድጃ ውስጥ አቆየዋለሁ። ሲወጣ ጥቁርና ለስላሳ ይሆናል፤ ኬክም አይዝም። ቀለም የተቀባና የተላላጠ ዕቃ ላይ ግን አልጋግርም። የድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ስለሚችል አበባ እተክልበታለሁ። ማታ ማታ ዳንቴል እሠራለሁ። የኬክ ካርቶኖቼ የሚታሰሩበትን ጨርቅም በእግር በምትረገጠው ሲንጀር መኪናዬ የምሰፋው ራሴ ነኝ።

ከሁሉ በላይ የምሳሳለት ግን አንድ ወፍራም ደብተር ነበር። ውስጡ የሰው ሙያ ነው። ፒያሳ ኬክ ቤት ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ጋሼ የነገሩኝ የሚልፎይና የቦምቦሊኖ አሠራር አለ። የድሬዳዋዋ እናቴ ሙሸበክ አለ። በልጅነታቸው እቴጌ መነን ትምህርት ቤት የተማሩ እማማ ራሳቸው የጻፉልኝ የቶርታ ገጽ አለ። ድፎ፣ ሙልሙል፣ የጾም ብስኩት፣ የሐረር ሐላዋ፣ ሁሉም አለ።

ይህን መሰብሰብ የጀመርኩት ከድንጋጤ ነው። ጥር 2007 ዓ.ም. የከተማችን የመጀመሪያው ሆቴል፣ ጣይቱ፣ እሳት ሲበላውና እዚያው የነበረው የጃዝ ሙዚቃ ቤት፣ ጃዛምባ፣ አብሮ ሲቃጠል አልቅሻለሁ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የፒያሳ ብዙ ክፍል ሲፈርስ ሌላ ነገር ገባኝ። ቤቱ ሲሄድ፣ እዚያ ቤት ሚልፎይ ሲደረድር የኖረው ሰውም ወደ ዳር ከተማ ይበተናል። ማንም ካልጠየቀው እጁ የሚያውቀው ነገር እዚያው ይቀራል። ስለዚህ እየተከታተልኩ እጠይቅ፣ እጽፍ ጀመር።

ደግሞም የናፍቆት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የምትጋግሩ ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ብላ ያለች ከተማ ናት። ውሃ እዚህ 100 ሳይደርስ፣ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። አየሩ ስስ ስለሆነ ሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ ቶሎ ይነፋል። ኬኩ ሳይበስል ያብጣል፤ ከዚያ መሃሉ እጥፍ ብሎ ይወርዳል። ከውጭ የመጣ የኬክ አሠራር እንዳለ ስንወስደው ጉድ የሚሠራን ለዚህ ነው። ቤኪንግ ፓውደሩን ቀነስ፣ ስኳሩንም ትንሽ ቀነስ፣ ፈሳሹን ጨመር፣ እሳቱን ከፍ ማድረግ ይፈልጋል። የኛ እናቶች ይህን ያገኙት በስንት እንቁላልና ዱቄት ከስረው ነው። በሻይ ብርጭቆና በቡና ሲኒ የለኩት ያ መጠን ለዚህች ከተማ በልኳ የተሰፋ ልብስ ነው። የትም ሱቅ አይገኝም።

እንግዲህ የቡሄ ሰሞን ነው። ሙልሙል ታዞልኝ ሊጡን አቡክቼ ዋናው ቤት ገብቻለሁ። መብራት ሄዶ ነበር። ሲመጣ ከማቀዝቀዣው ጀርባ ካለው ገመድ እሳት ተነሳ።

መጀመሪያ ጭሱን ያየሽው አንቺ ነሽ፣ የላይኛው ግቢ ሚጣዬ። ቆመሽ ከማየት ይልቅ እየጮኽሽ በየበሩ ስላንኳኳሽ አመሰግንሻለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ ቆጣሪውን አጥፍተው፣ እርጥብ ጆንያ ተከናንበው ገብተው የጋዝ ሲሊንደሩን አቅፈው ሲወጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ያ ሲሊንደር እዚያ ቢቆይ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ስለ ማድ ቤት ብቻ አይሆንም ነበር። የሰፈሬ ልጆች፣ መብራቱ ሳይጠፋ ውሃ እንዳይደፋ አጥብቃችሁ ስለከለከላችሁና አፈር በአካፋ ስላለበሳችሁት፣ ቁም ነገረኞች ናችሁ። ባለሱቋ እህቴ፣ 939 የደወልሽው አንቺ ነሽ። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ መኪናቸው በጠባቡ መንገድ አልገባ ሲል ቱቦውን በትከሻቸው ጎትተው ደረሱ። ስማቸውን የምጠይቅበት ልብ አልነበረኝም። የት እንዳሉ ባላውቅም ምስጋናዬ ይድረሳቸው። በነገራችን ላይ ባልዲዎቻችሁና አንድ ቢጫ ጀሪካን እኔ ጋ አሉ። ታጥበው ተቀምጠዋል፤ መጥታችሁ ውሰዱ።

እሳቱ ከጠፋ በኋላ ደብተሩን ከመሳቢያው አወጣሁት። ዳር ዳሩ ከስሏል። መሃሉ ውሃ ጠጥቶ አብጧል። ገለጥኩት። በእስክሪብቶ የተጻፈው በአብዛኛው አለ። በቀለም ብዕር የተጻፈው ግን ታጥቧል። የእማማ የቶርታ ገጽ ላይ ከፊደሉ የቀረው ሰማያዊ ጥላ ብቻ ነው። «ስድስት እንቁላል» የሚለው ይታያል፤ ከሱ በታች ምንም የለም። እማማ አሁን በሕይወት የሉም። ገጹን ይዤ ግቢው ውስጥ ዝናብ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

«ስጪኝ» ያልሽኝ አንቺ ነሽ፣ የግድግዳ ጎረቤቴ። ቤተ መጻሕፍት የምትሠራ ዘመድሽ ጋ ደወልሽ። እሷም «ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት» አለች። እኔ የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ የራሰ ወረቀት በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ይሻግታል፤ ያውም በነሐሴ። ብርዱ ሻጋታውን ያስቆመውና ጊዜ ይሰጣል። ለበዓል የገዛሽውን ሥጋ እህትሽ ቤት ልከሽ ለደብተሬ ቦታ አስለቀቅሽለት። መብራት ሲሄድ ፍሪዘሩን በብርድ ልብስ ስትጠቀልይው የነበረውን አልረሳውም። ከዚያ ትንሽ ትንሽ ገጽ እያወጣን፣ በየመሃሉ ሶፍት እያስገባን፣ ከፀሐይ ራቅ አድርገን በነፋስ አደረቅነው። ልጆችሽ ሳይቀሩ ሶፍት ሲቀይሩ አምሽተዋል።

የጠፉት ገጾች ግን ብዙ ነበሩ። ወደ ትልቁ ምስጋናዬ የምመጣውም እዚህ ላይ ነው።

ደብተሬን ከማንም ደብቄ አላውቅም። ቤቴ መጥቶ የጠየቀኝ ሁሉ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። «እንጀራሽን በነጻ ታድያለሽ» ብለው የሚቆጡኝ ነበሩ፤ የሚቆጡት አዝነውልኝ እንደሆነ አውቃለሁ። እሳቱ ከተሰማ በኋላ ግን ቴሌግራሜ መጮህ ጀመረ። አንዷ የሙሸበኩን ገጽ ላከች። አንዱ የሚልፎዩን። ደሴ ያለች እህት ከፎቶው ላይ ወደ ወረቀት ገልብጣ፣ በአውቶቡስ በፖስታ ላከችልኝ። የእማማ የቶርታ ገጽ የተገኘው ደግሞ ለልጇ ልደት ስትል ፎቶ ካነሳችው አንዲት ደንበኛዬ ስልክ ውስጥ ነው። ሰማያዊው የእጅ ጽሕፈታቸው ሙሉውን፣ ከነመስመሩ አለ። የኔ እመቤት፣ ያንን ፎቶ ከስልክሽ ሳታጠፊ ስለኖርሽ ምን ብዬ ላመስግንሽ?

ቤይሩት ያለሽው እህቴ ደግሞ አለሽ። ከመሄድሽ በፊት የቦምቦሊኖውን ገጽ ወስደሽ ነበር። በዕረፍት ቀንሽ ከጓደኞችሽ ጋር እየጠበሳችሁ እንደምትበሉት በድምፅ ነገርሽኝ። መልእክቱን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። በዚያው ላይ «እዚህ እርሾው እንደ አዲስ አበባ አይፈጥንም፤ ትንሽ ቆይቼ ነው የምጠብሰው» አልሽ። ዋሽንግተን ያለችው ደግሞ በቶርታው ኅዳግ ላይ «እዚህ ቤኪንግ ፓውደሩን መልሼ ጨመርኩ» ብላ ጽፋለች። ድሬዳዋ ያሉት እናቴ «እናንተ ደጋ ናችሁ፣ እኛ ከመሃል ነን» ብለው የራሳቸውን መጠን አስጻፉልኝ። ነገሩ እውነት ነው። ቤይሩት ባሕር ዳርቻ ላይ ናት፤ ዋሽንግተንም ዝቅተኛ ቦታ ላይ ናት፤ ድሬዳዋ ከአዲስ አበባ በ1,000 ሜትር ገደማ ትወርዳለች። እኔ ይህን ሁሉ ቦታ ዞሬ ልሞክረው አልችልም ነበር። ገጾቼን መልሱልኝ ብዬ ሳልጠይቅ፣ እናንተ አሻሽላችሁ መለሳችሁልኝ። አሁን አዲሱን ደብተር የምጽፈው በሁለት ረድፍ ነው። በአንዱ የደጋው መጠን፣ በሌላው የቆላውና የባሕር ዳሩ።

የእቁብ ጓደኛዬ፣ ዕጣው ላንቺ ወጥቶ «እሷ ትውሰደው፣ እኔ በሷ ተራ እወስዳለሁ» ስላልሽ፣ ቆርቆሮውም ምድጃውም የተገዛው ባንቺ ብር ነው። ለልጅሽ ትምህርት ቤት አስበሽው እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። የዕድራችን ሰዎች፣ ለሐዘን የተቀመጠውን ድንኳንና ወንበር ለሥራ ስለሰጣችሁን፣ ግንበኞቹ በዝናብ ሥራ አልፈቱም። እናጢው ወንድሜ፣ የሲንጀሬን የተቃጠለ ጠረጴዛ አውጥተህ በዋንዛ ስለተካህልኝ አመሰግንሃለሁ። ብረቷ ምንም አልሆነችም፤ ዘይት ጠጥታ እንደ ድሮዋ እየሠራች ነው። የሸክላ ማጫወቻዬ ግን ቀልጧል፤ እሱን ተውኩት።

የታችኛው መንገድ ኬክ ቤት ባለቤት፣ እርስዎን ለብቻ ላንሳ። እኛ አንድ ሰፈር ውስጥ አንድ ዓይነት ገበያ የምንሻማ ሰዎች ነን። እርስዎ ግን ለቅዳሜ ሠርግ የታዘዘብኝን ኬክ በምሽት፣ በራስዎ ምድጃ እንድጋግር ቁልፉን ሰጡኝ። ሠራተኛዎም እስከ ሌሊት አብሮኝ ቆየ። ክሬሙን ስቀባ እጄ ሲንቀጠቀጥ አይቶ ትሪውን ቀስ አድርጎ ያሽከረክርልኝ ነበር። ሙሽሮቹ ኬካቸው የት እንደተጋገረ አያውቁም። ይኸው አሁን ይወቁት።

ከዚህ በኋላ ሁለት ነገር አስቤያለሁ። አንደኛው ደብተሩን ማሳተም ነው። እያንዳንዱ ገጽ ላይ ሙያውን የሰጠው ሰው፣ ከፈቀደ፣ ስሙ ይጻፋል። የእማማን ቶርታ ግን በማተሚያ ፊደል አላስለቅመውም፤ በራሳቸው እጅ ጽሕፈት፣ በፎቶው ይገባል። ሁለተኛው ትንሽ ኬክ ቤት ነው። ብዙ ጠረጴዛ አይኖረውም። በመደርደሪያው ላይ የድሮ ፓትራና ሚዛን ይደረደራል፤ ግን ለማየት ብቻ አይደለም፤ የሚጋገረውም በነሱው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ አዛውንት ጋጋሪ መጥቶ ለወጣቶች እያሳየ ይሠራል፤ የድካሙም ይከፈለዋል። ገንዘቡ ገና አልሞላም። ሐሳቡ ግን ቁርጥ ነው።

አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ቁም ሳጥናችሁ ውስጥ የእናታችሁ ወይም የአክስታችሁ የባልትና ደብተር ካለ ዛሬውኑ ፎቶ አንሱት። ያነሳችሁትንም ለሌላ ሰው ላኩ፤ አንድ ስልክ ላይ ብቻ አይቀመጥ። ለኔም ብትልኩልኝ ደስ ይለኛል። ማንበብ ካስቸገራችሁ እኔ መጥቼ እገለብጥላችኋለሁ።

ለሁላችሁም ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈልልኝ። ቤታችሁን ክፉ አይንካው።

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ምድጃውን ሙሉ በሙሉ ሥራ የማስጀምረው በጾም ኬክ ነው፤ እንቁላልም ቅቤም የሌለው፣ በዘይትና በብርቱካን ጭማቂ የሚቦካ፣ ሶዳና ኮምጣጤ የሚያነሳው። ከጾሙ በፊት ባለው ሳምንት ትእዛዝ መቀበል እጀምራለሁ። ነሐሴ ላይ ቀብድ ከፍላችሁ «አንቺ ጋ ይቆይ» ብላችሁ አልቀበል ያላችሁኝ ሰዎች ቅድሚያ አላችሁ። ስትመጡ ዋጋ አትጠይቁኝ፤ ሂሳባችሁ ተከፍሏል።