የብስክሌት መስመር ታፔላ ለእንግዳም ይናገር

ይድረስ ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትራንስፖርት ቢሮ

ጉዳዩ፦ የብስክሌት አቅጣጫ ጠቋሚ ታፔላዎችን ይመለከታል

በኮሪደር ልማቱ በታደሱት ጎዳናዎች፣ ለምሳሌ ከአራት ኪሎ በመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው፣ ለብስክሌት የተለየ መስመር ተሠርቷል። ደስ ያሰኘናል። በየቀኑ ለሚመላለስበት ሰው መሬት ላይ የተቀባው የብስክሌት ሥዕል ይበቃዋል። ለእንግዳ ግን አይበቃም፤ ሥዕሉ በየት እንደሚነዳ እንጂ ወዴት እንደሚያደርስ አይነግረውም።

ዋናው ነገር ታፔላው የሚተከልበት ቦታ ነው። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በሰከንድ ከ4 ሜትር በላይ ይሄዳል። ታፔላው መታጠፊያው ላይ ብቻ ከሆነ፣ አንብቦ፣ ኋላውን አይቶ፣ እጁን እስኪዘረጋ ድረስ መታጠፊያው ያመልጠዋል። መኪና መሐል ድንገት መቆምና መዞር የሚመጣውም ከዚህ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ታፔላ 30 ሜትር ያህል ቀድሞ ይተከል፤ ቁልቁለት ላይ 50 ሜትር። ሁለተኛው ቀስት ብቻ ይዞ መታጠፊያው ላይ ይቁም። ሦስተኛው ከታጠፉ በኋላ በ20 ሜትር ውስጥ የመድረሻውን ስም ይድገም። በጀት ሲያጥር ቶሎ የሚቀነሰው ይህ ሦስተኛው ነው፤ እንግዳውን ከጥርጣሬ የሚያወጣው ግን እሱ ነው።

በአንድ ታፔላ ላይ ከ3 ቦታ በላይ አይጻፍ። ስሙም ሕዝቡ የሚጠራው የሠፈር ስም ይሁን። አንዴ «ፒያሳ» ከተባለ እስኪደረስ ድረስ «ፒያሳ» ይባል። መንገድ ላይ በ«ዓድዋ ድል መታሰቢያ» ቢተካ፣ ሁለቱ አንድ አካባቢ መሆናቸውን የማያውቅ ሰው የተሳሳተ መስሎት ይመለሳል። ርቀቱ በደቂቃ የሚጻፍ ከሆነ ደግሞ መሄጃውና መመለሻው ለየብቻ ይለካ፤ ከመስቀል አደባባይ ወደ አራት ኪሎ ዳገቱን መውጣትና መውረድ እኩል ጊዜ አይፈጅም።

የፊደሉ ቁመት ከ5 ሴንቲ ሜትር አይነስ። «ለ» እና «ሉ» የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ስለሆነ፣ ቀጭንና የተጠጋጋ ጽሑፍ ከሩቅ ይምታታል።

አተካከሉም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ክብ ብረት ላይ በአንድ ማሰሪያ የታሰረ ታፔላ ነፋስ ወይም እጅ ሲነካው ይዞራል፤ የዞረ ቀስት ከነጭራሹ ታፔላ ከሌለበት ይብሳል። ስለዚህ ከላይና ከታች በሁለት ማሰሪያ ይጠበቅ። ቋሚው ከመስመሩ ጠርዝ 60 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ከነጂው ራስ በላይ የሚውል ታፔላ ታችኛው ጫፉ ከመሬት 2.4 ሜትር ከፍ ይበል። ክረምቱ እንዳለፈ ቅጠል የሸፈናቸው ታይተው ይገለጡ።

ቋሚ ብረት ከመታዘዙ በፊት ከአራት ኪሎ ቦሌ ባለው መስመር ሙከራ እንዲደረግ እንጠይቃለን። ጊዜያዊ ታፔላ በፕላስቲክ ታትሞ ይሰቀል፤ አካባቢውን የማያውቁ 5 ሰዎች ያለ ስልክ ይንዱበት። የቆሙበት፣ ያመነቱበትና የተሳሳቱበት ቦታ ሁሉ በካርታ ላይ ይመዝገብ። ሁለት ሰው የተሳሳተበት ቦታ የታፔላው አቀማመጥ ተቀይሮ እንደገና ይሞከር።

ከአክብሮት ጋር