ይድረስ ለኢንጂነሩ

መጥፋቴን አውቃለሁ። ይቅር በለኝ፤ ስድቡን ደግሞ በደንብ አጠራቅመህ አቆየኝ። አሁን ግን ጉዳይ ገጥሞኛል።

ታይፔ፣ ታይዋን ነው ያለሁት። ሥራ አገኘሁ። ማለቴ፣ ገና አልፈረምኩም።

ትናንት ታይፔ 101 የሚሉት ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ላይ ወጣሁ። አዎ፣ እኔው! ሳቅህን ስትጨርስ ቀጥል። ሊፍቱ ከ5ኛው ፎቅ 89ኛው ለመድረስ 37 ሰከንድ ነው የሚፈጅበት። ጆሮዬ ድፍን አለ፣ ዓይኔን ሳልገልጥ ደረስን። ያንን ኳስ አየሁት። 660 ቶን የሚመዝን ወርቅማ ብረት፣ በወፋፍራም ገመድ ተንጠልጥሎ። ነፋስ ሕንፃውን ወደ አንድ ጎን ሲገፋው ኳሱ ወደ ኋላ እየቀረ መወዛወዙን ይቀንሰዋል። በ2015ቱ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልህ) አውሎ ነፋስ ኳሱ ራሱ 1 ሜትር ያህል ተወዛውዟል አሉ።

እኔ ሞኙ «መሬት ቢንቀጠቀጥም ይሄ አለልን» ብዬ ተረጋጋሁ። ማታ ሳነብ ለካ ኳሱ በዋናነት ለነፋስ ነው! የመሬት መንቀጥቀጡን የሚችሉት ኮንክሪት የተሞሉት 8ቱ ግዙፍ የብረት ዓምዶች ናቸው። ከዓምድ ጋር ደግሞ ማን ሰልፊ ይነሳል? ሕንፃው ገና ሲሠራ፣ በ2002፣ መሬት ተንቀጥቅጦ ከላይ ክሬኖች ወድቀው 5 ሰው ሞቷል። ሕንፃው ግን ቆመ። ይህን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ የለም።

ምክንያቱም እኔ የምከራየው 101 ውስጥ አይደለም። 12ኛ ፎቅ ላይ ያለች አሮጌ ቤት ናት። ግራውንዱ በሙሉ ሱቅ ነው፤ ግድግዳ የለም፣ ዓምዶቹም ቀጫጭን መሰሉኝ። ደላላውን መቼ እንደተሠራ ብጠይቀው «ጠንካራ ነው» ብሎ ሳቀ። ዓመተ ምህረት ጠይቄው ጥንካሬ ይነግረኛል! ከ1999ኙ መንቀጥቀጥ በኋላ የሕንፃ ደንቡ ጠብቋል፤ ያኔ ከ2,400 በላይ ሰው ነው የሞተው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ... እኔ እንጃ፣ አንተ ንገረኝ።

ለሌላ ሰው ብነግር ፈሪ ይለኛል። አንተም ትለኛለህ፣ ግን መልስም ትሰጠኛለህ።

ውይ፣ እናታችን እንዴት ናቸው? መጀመሪያ ይሄን ነበር መጠየቅ።

የዓምዶቹን ፎቶ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ስንጥቅ የምትመስለዋን ነገር አጉልተህ እያት፤ ቀለም ብቻ ከሆነች ንገረኝ። ውል የምፈርመው ሐሙስ ነው።