የሶይ ሻማ ዛሬ ተሠርቶ ነገ አይሸጥም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ ከአኩሪ አተር ሰም (ከሶይ) ስለሚሠራ ባለ ሽታ ሻማ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደስ እያለኝ ነው ያነበብኩት። አንድ ነገር ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «ዛሬ አፍስሶ ነገ ለባዛር ማድረስ ይቻላል» ይላል። ሻማውስ ይበራል፤ ሽታው ነው የማይወጣው።

የምተዳደረው ሻማ ሠርቼ ነው። በየባዛሩ «ሶይ ሽታ የለውም፣ ብሬን በላው» የሚል ደንበኛ አላጣም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሰሙ አይደለም፤ ሻማው አላረፈም። ሶይ ማለት ሃይድሮጅን ተጨምሮበት እንዲረጋ የተደረገ የአኩሪ አተር ዘይት ነው። ላዩ በአንድ ሌሊት ቢጠጥርም የውስጡ ክሪስታል ለቀናት መለዋወጡን አይተውም፤ የሽታ ዘይቱም አብሮት ነው የሚሰክነው። ከነዳጅ ዘይት የሚገኘው የተለመደው የሻማ ሰም፣ ፓራፊን፣ በጥቂት ቀን ይደርሳል። ሶይ ግን ተከድኖ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ሁለት ሳምንት ያህል መቀመጥ አለበት። ያልበሰለ ጠጅ ቀድቶ ማሩን መውቀስ ተገቢ አይደለም።

በጣም የሚያሳስበኝ ሽታው ደከመ ተብሎ የሽታ ዘይት ሲጨመር ነው። ልኩ እንደ ሰሙ ዓይነት ከ6 እስከ 10 በመቶ ነው። ለ1 ኪሎ ሰም ከ60 እስከ 100 ግራም ማለት ነው፤ ያውም በሚዛን እንጂ በሲኒ አይለካም። ከዚያ ካለፈ ሰሙ መያዝ ያቅተዋል። ላዩን ያልበዋል፣ ክሩ ይደፈናል፣ እሳቱም ሊንቦገቦግ ይችላል። ይህ ሻማ ልጆች ባሉበት ቤት ነው የሚበራው!

እኛ አዲስ አበባ ያለን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለብን። ከተማችን ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በፈላ ውሃ ላይ ድስት ደርበን ስናቀልጥ ሰሙ ቶሎ አይግልም። 50 ዲግሪ አካባቢ ላይ ቀልጦ ፈሳሽ ሲሆን ብዙ ሰው «በቃ ደረሰ» ብሎ ዘይቱን ይጨምራል። አልደረሰም። አብዛኛው የሶይ ሰም ዘይቱን በደንብ የሚቀበለው 85 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ያኔ ጨምሮ ሁለት ደቂቃ ቀስ አድርጎ ማማሰል ነው። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ይህን በዓይኑ ሊለይ አይችልም። ክሩም ከቀጠነ ሰሙ እስከ ብርጭቆው ጠርዝ አይቀልጥም፣ ሽታውም ያንሳል። በብርድ ጊዜ ላዩ ላይ የሚወጣው ነጫጭ ነገር ግን አያስጨንቅ፤ መልኩን እንጂ ሽታውን አይነካም።

ሻጮች ሻማው የፈሰሰበትን ቀን ከሥሩ ብንጽፍ ጥሩ ነው። ገዢዎችም ጠይቁን፤ ቅር አይለንም። የገና ገበያ ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ ስለሚደራ፣ ለባዛር የሚቀርብ ሻማ ኅዳር ላይ ፈስሶ ማለቅ አለበት። እባካችሁ እርማቱን ከዚያ በፊት አውጡልን።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት ሻማ ሠሪ፣ ከሳሪስ