ከዲቤት (ከምርጫ ክርክር) መቅረት ያዋጣል ወይ?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ቅዳሜ ሰዓት አልቆብን ስለተቋረጠው ጨዋታ ነው፣ ፖለቲከኛ "ይሄ ሚዲያ ወገንተኛ ነው" ብሎ ከክርክር ይቅር ወይስ ይሂድ ስለሚለው። እኔ ይሂድ ባይ ነኝ። በ1997ቱ ምርጫ ጊዜ እኮ ኢቲቪ የማን እንደነበር ማናችንም አይጠፋንም፣ ግን ተቃዋሚዎቹ ቅንጅትና ኅብረት ገብተው ተከራከሩ፣ ሰዉም አያቸው፣ ከዛ ቅንጅት አዲስ አበባ ላይ 23ቱንም የፓርላማ ወንበር ጠራርጎ ወሰደ። ቢቀሩ ኖሮ ጎንደር ያለ ገበሬ በየት ይሰማቸው ነበር?

እዚህ አሜሪካም ዴሞክራቶቹ በ2019 ፎክስ ኒውስ (ለሪፐብሊካኖቹ ያደላል የሚባለው ጣቢያ) ዲቤታችንን አያዘጋጅም አሉ፣ የዴሞክራቶቹ እጩ ለመሆን ይወዳደር የነበረው በርኒ ሳንደርስ ግን እዛው ፎክስ ላይ ሄዶ የታዳሚውን ጥያቄ መለሰ። ትራምፕም በ2016 የሪፐብሊካኖቹን እጩ ለመምረጥ አዮዋ ግዛት ድምፅ ከመስጠቷ በፊት የነበረውን ዲቤት (የፎክስን፣ አዎ የፎክስን!) ቀረ፣ አዮዋን ተፎካካሪው ቴድ ክሩዝ ወሰደው፣ በመቅረቱ ነው እንዳልል ደግሞ በመጨረሻ እጩ የሆነው ራሱ ትራምፕ ነው፣ ስለዚህ ይቺ ለሁለታችንም ወገን ማስረጃ አትሆንም ሃሃ።

ዝም ብሎ መግባትም ግን ሞኝነት ነው፣ ላይቭ ይሁን፣ ሰዓት እኩል ይከፈል፣ ጠያቂው ማን እንደሆነ ቀድሞ ይታወቅ። ተቀርጾ ተቆራርጦ የሚወጣ ከሆነ እኔም እቀራለሁ።

የማትስማሙ ቅዳሜ ኑና እንከራከር፣ ቡናው በእኔ ነው።