ፌስታል የያዝሽላት ፈረንጅ

ለምወድሽ ልጄ ሀያት፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። ዝናቡ ከገባ ሳምንት ሆነው፤ አዌቱ ወንዝ ደፍርሷል። እናትሽ የስፌት መኪናዋን ከበረንዳ ወደ ሳሎን አስገብታ ቤቱን በጨርቅ ሞልታዋለች። የምቀመጥበት አጥቼ ይህን የምጽፍልሽ መኪና ውስጥ ሆኜ ነው።

የምጽፈው ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው። ለኢድ የመጣሽ ጊዜ፣ ቡናው ተፈልቶ አጎትሽ «ምን ልትሆኚ አሰብሽ?» ሲልሽ «የጠፈር ቱሪዝም ላይ መሥራት እፈልጋለሁ» አልሽ። እኔም «ቆይ፣ መጀመሪያ የሰፈራችን መንገድ ይጠገን» ብዬ ቤቱን አሳቅኩት። አንቺ ስኒ ማጠብ ጀመርሽ። ስኒዎቹ ግን ታጥበው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ስልኬን ይዤ አነባለሁ። እንግሊዝኛዬን ታውቂዋለሽ፣ ከማመላልሳቸው ቱሪስቶች የለቀምኩት ነው። ያልገባኝን ወንድምሽ እየተነጫነጨ ይተረጉምልኛል።

ጠፈር በጣም ሩቅ ይመስለኝ ነበር። ለካ ብዙዎች ድንበሩ ነው የሚሉት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ መንዳት ቢቻል ከጅማ ቦንጋ እንደመሄድ ነው። ጠፈርተኞች የሚኖሩበት ጣቢያ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ደርሶ ትንሽ ማለፍ ማለት ነው። የሚያስቸግረው መንገዱ አይደለም፣ ዳገቱ ነው።

በራሱ ገንዘብ የወጣው የመጀመሪያው ቱሪስት ዴኒስ ቲቶ የሚባል አሜሪካዊ ሀብታም ነው። በፈረንጆቹ 2001 በሩሲያ ሶዩዝ መንኮራኩር ወጥቶ ስምንት ቀን ያህል ቆየ። 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፈለ ይባላል። ከ2021 ወዲህ ደግሞ የጄፍ ቤዞስ ድርጅት ብሉ ኦሪጅን ሰው አሳፍሮ 10 ደቂቃ ገደማ በምትፈጅ ጉዞ ማውጣትና መመለስ ጀመረ። የሚንሳፈፉት ሦስት አራት ደቂቃ ብቻ ነው። እኔ እንግዳ ጂሬን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አስጎብኝቼ፣ ቡና አስፈልቼ ግማሽ ቀን እቆያለሁ። እኔ ብሆን ብሩን አስመልስ ነበር። ግን ዊሊያም ሻትነር የሚባለው ተዋናይ በ90 ዓመቱ ወጥቶ ሲመለስ አለቀሰ። ያንን ሳይ ነገሩ የደቂቃ ጉዳይ እንዳልሆነ ገባኝ።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልምጣ። በፈረንጆቹ 1985 ጄክ ጋርን የሚባል የአሜሪካ ሴናተር በናሳ መንኮራኩር ወጣ። ሙያተኛ ጠፈርተኛ አልነበረም። እንዲህ አጥወለወለው፣ እንዲህ አመመው፣ ጠፈርተኞቹ እስከ ዛሬ የማቅለሽለሽ መለኪያ አድርገውት ይቀልዳሉ። የመጨረሻው ሕመም «አንድ ጋርን» ነው። እሱ ብቻም አይደለም፤ ከሚወጡት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያማቸዋል። ዓይን አንድ ነገር ያያል፣ ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን መጠበቂያ ሌላ ይናገራል፣ አንጎል ግራ ይገባዋል። የጊቤ ኩርባ ማለት ነው!

ትዝ ይልሻል? ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። ትምህርት ተዘግቶ አክስትሽ ጋ ላደርስሽ ከእንግዶች ጋር ጋቢና አስቀመጥኩሽ። ጊቤ ቁልቁለት ላይ ከኋላ የነበረችው ባልቴት ፈረንጅ ፊቷ እንደ ኖራ ነጣ። እኔ ጥግ ይዤ እስካቆም አንቺ በመቀመጫው ላይ ተሻግረሽ፣ የዳቦውን ፌስታል አራግፈሽ፣ ከአፏ ሥር ያዝሽላት። ዳቦው ወለሉ ላይ ተበተነ። በሌላ እጅሽ ጀርባዋን ታሺ ነበር። ከዚያ ሎሚ በጥርስሽ ቀደሽ አፍንጫዋ ሥር አደረግሽላት። ማንም አላዘዘሽም። አዲስ አበባ ስንደርስ ቲፑን ለእኔ ሳይሆን ለአንቺ ሰጠች፣ እኔም ትንሽ ቅር አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ ብዬ ነው።

ሰው ገንዘብ ከፍሎ ወደሚፈራው ቦታ ሲሄድ አጠገቡ የሚፈልገው እንዲህ ያለ ሰው ነው። ሳራ ጊሊስ የምትባል መሐንዲስ አለች። ስፔስኤክስ በሚባለው የሮኬት ድርጅት ውስጥ ሥራዋ ጠፈርተኞችን ማሠልጠን ነበር። በ2021 ለሦስት ቀን የወጡትን አራት ሲቪሎች ካሠለጠኑት አንዷ ናት። በመስከረም 2024 ራሷ ወጥታ፣ መንግሥት ባልላከው ጉዞ ከመንኮራኩር ውጭ ከቆሙት ሁለት የመጀመሪያ ሰዎች አንዷ ሆነች። አሠልጣኝ ሆና ገብታ ነው እዚያ የደረሰችው።

ለእናትሽም አንድ ነገር አነበብኩላት። ጨረቃ ላይ የረገጡት የአፖሎ ጠፈርተኞች የለበሱትን የሰፉት ልብስ ሰፊ ሴቶች ናቸው፤ ድርጅቱም የጡት መያዣ ከሚሠራው ፕሌይቴክስ የወጣ ነው። እናትሽ መቀሷን አስቀምጣ «ስፌቱ ቢተረተር ሰውዬው አለቀለት ማለት ነው?» አለች። አዎ አልኳት። ከዚያ የጎረቤትን ቀሚስ እንደገና ፈትታ ሰፋችው።

የሚያስከፋውንም አልደብቅሽም። የሮኬት ቴክኖሎጂ አሜሪካ ውስጥ እንደ ጦር መሣሪያ ነው የሚታየው። ስለዚህ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ የሌለውን ሰው እነዚህ ድርጅቶች በቀላሉ አይቀጥሩም። ጎበዝ መሆን ብቻውን በሩን አይከፍትም። ገበያውም ገና ጨቅላ ነው። ቨርጂን ጋላክቲክ የሚባለው ድርጅት ቱሪስት ያመላልስባት የነበረችውን መንኮራኩር በ2024 ከሥራ አሳርፎ አዲስ ወደ መሥራት ገባ። እንጀራን በዚህ ላይ ብቻ መመሥረት ያስፈራል።

በፈረንጆቹ 2014 የዚሁ ድርጅት ሌላ መንኮራኩር በሙከራ በረራ ላይ ተሰባብራ ረዳት አብራሪው ሞተ። አንድ መቆለፊያ ጊዜው ሳይደርስ ከፍቶ ነው። መርማሪዎቹ ግን በሟቹ አሳብበው አልተዉትም። የአንድ ሰው አንድ ስህተት መንኮራኩር እንዳያጠፋ አስቀድሞ ያላሰበውን ሠሪውንም ወቀሱ። ይህን ሳነብ ቆም አልኩ። እኛ ጋ መኪና ሲገለበጥ «ሾፌሩ ነው» ይባልና ያበቃል። ሰው እንደሚሳሳት አውቆ ዕቃውን የሚሠራ ሙያ መኖሩን በዚህ ዕድሜዬ ገና መስማቴ ነው። አንቺ ታውቂው ይሆናል።

እና ዲፓርትመንት ስትመርጪ፣ ሮኬት ባይኖርም አውሮፕላን ላይ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ ሳተላይት ላይ የሚፈለግ ሙያ ያዢ። የእኛዋ የመጀመሪያ ሳተላይት ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትመጥቅ 70 ኪሎ ገደማ ነበረች፤ ከአንድ ኩንታል ቡና ታንሳለች። መቆጣጠሪያ ጣቢያዋ እንጦጦ ነው የተተከለው፣ ስለዚህ እዚያ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል። እኔ ብሆን ኤሌክትሪካልን እመርጥ ነበር። ግን እኔ አይደለሁም የምማረው፤ እናትሽም «ልጅቷን ተዋት» ብላኛለች።

ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት ደውዪልኝ። ሐሙስ እንግዳ ይዤ ቦንጋ ስለምሄድ ኔትወርክ ላይኖር ይችላል፤ ከዚያ ውጭ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ። እናትሽ ቆልታ ወቅጣ ያዘጋጀችልሽን ቡናና ትንሽ ማር በካርቶን አድርጌ በቅዳሜው አውቶብስ ልኬያለሁ። ማሩ ከላይ ስለሆነ ካርቶኑን አትገልብጪው። ረዳቱን ከፍዬዋለሁ፣ ድጋሚ ብር ቢጠይቅሽ እንዳትሰጪው።

አባትሽ
ጅማ